የጎረቤት ቅድሚያ

ቶሮንቶ ውስጥ ጡረታ የወጣን የጥርስ ሐኪም ሁለት ሕመም አይምረውም፤ አንዱ የጉልበት፣ ሌላው ጣሊያን አገር የወይን ማሳ የመግዛት። የጉልበቱን ሆስፒታል ያየዋል። የወይኑ የሚታከመው እኛ ቢሮ ነው፤ ሴንት ክሌር መንገድ ላይ፣ ከጫማ መጠገኛው በላይ፣ ደረጃውን ወጥቶ በስተቀኝ።

አለቃዬ ሮኮ ጠበቃ ነው። እዚሁ ሰፈር የተወለደ፣ ሕጉን ጣሊያን ሄዶ የተማረ፣ ሲያወራ ሁለቱንም እጁን ስለሚያወናጭፍ ስልኩን በትከሻው የሚይዝ ሰው። ካናዳ ተቀምጦ ባዕድ አገር ቤት ወይም ማሳ መግዛት የሚሻ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እኔ ፋይሉን አዘጋጃለሁ፤ ውክልና አጽፋለሁ፣ የመሬቱን የኋላ ታሪክ አስመረምራለሁ፣ ፊርማ አረጋግጣለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጽናናለሁ። ደንበኞቻችን ውሉን ሲፈርሙ በደስታ ያለቅሳሉ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጣሪያው አፈሰሰ ብለው ደውለው ያለቅሳሉ። አንዷ ማሳውን በገዛች በሳምንቷ፣ "ዘለላዎቹ ወይን ጠጅ የሚሆኑት መቼ ነው?" ብላ ጠይቃኛለች። እየተንጠባጠበ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባ መስሏት ነበር።

አገር ቤት ሕግ ብማርም እዚህ ጠበቃ አይደለሁም፤ የጠበቃ ረዳት ነኝ። ይህን ግን ለሐበሻ ማስረዳት አይቻልም። "ሔርሞን ሎየሯ" ተብያለሁ፣ አለቀ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሽሮዬን ሳልጨርስ የፓርኪንግ ቲኬት፣ የስፖንሰርሺፕ ጉዳይ፣ አንድ ጊዜም የተመለሰ የቃል ኪዳን ቀለበት ቀርቦልኛል። ስለዚህ ጋሽ ዘርይሁን የወይን እርሻ ሊገዙ ነው የሚለው ወሬ አዳራሹን ሲያዳርስ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

"ሎተሪ ደርሷቸው ነው" አለ አንዱ።

"ኧረ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘቢብ ሊያቀርቡ ነው።"

"ተዉ እባካችሁ!" አለ ታክሲ ነጂው ባልቻ፣ አፉ ከመኪናው የሚፈጥነው። "ጋሼ እኮ ወይን ፍሬ እንኳን የሚበሉት ጾም አለመሆኑን ሁለቴ አጣርተው ነው። ጃጅተው ነው በሉኝ!"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ጋሽ ዘርይሁን ሰባውን ያጋመሱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ዳውንታውን፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሲያስከፍሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ድቁናው ግን ጡረታ አልወጣም። በኪዳን ሰዓት ስልኩ የጮኸበትን ሰው እስከ ዓመቱ አይረሱትም። ቄሶቹ ራሳቸው ንባብ ሲስቱ ቀና ብለው የሚያዩት የእሳቸውን ፊት ነው። ባለቤታቸው እትዬ እታገኝ ዝምተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ስለኖሩ የትም ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለውን ጨርቅ በመዳፋቸው ሳያቃኑ አይቀሩም። ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከክሬሰንት ታውን ሲመጡ አብረው ነው የሚመጡት፤ ሲሄዱ ግን መሀላቸው ሦስተኛ ሰው የሚሄድ ይመስል ራቅ ራቅ ብለው ነው።

ወሬው በተሰማ በሳምንቱ ሁለቱም ቢሮ መጡ። ጋሼ ከረባት አስረዋል። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የወይን ኮረብታ ፎቶ ትክ ብለው አዩት።

"ልጄ ሔርሞን፣ እዚህ የምትረዱት ፈረንጅ ብቻ ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ የመጣውን ሁሉ ነው። ምነው፣ በዚህ ዕድሜዎ ወይን ጠጅ ጀመሩ እንዴ?"

እሳቸው አልሳቁም። እትዬ እታገኝ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና፣ "ልጃችን እዚያ ናት" አሉኝ።

እኔ የማውቀው አንዱን ልጃቸውን፣ ባንክ የሚሠራውን ማቲን ነው። "ሴት ልጅ አለቻችሁ እንዴ? ጣሊያን ምን ትሠራለች?"

"ምንም" አሉ እትዬ እታገኝ። "ወይራው ሥር ናት። እኛው ነን የቀበርናት።"

ከዚያ ጋሽ ዘርይሁን ነገሩኝ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ በሱዳን አድርገው ጣሊያን ገቡ። የካናዳ ወረቀታቸውን ሲጠብቁ ከመጠለያው በድብቅ እየወጡ፣ ደቡብ ወርደው ወይን ይለቅሙ ነበር። ባለ ማሳዋ ሲኞራ አዴሌ የምትባል መበለት ነበረች፤ የዕቃ ጎጆዋን ለቅቃ አኖረቻቸው። ሴት ልጅ እዚያው ተወለደች። ጽዮን ሊሏት አስበው ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና ስሙን ለዚያ ቀን አስቀመጡት። ልጅቷ ግን ሰማንያውን ሳትደርስ ታመመች።

"የመንደሩ ቄስ መጣ" አሉ ጋሼ። "ካቶሊክ ነው። 'ሕፃኗ ደክማለች፣ ላጥምቃት' አለኝ፣ በእጁ እያሳየ። በር ላይ ቆሜ መለስኩት። የራሴን ቄስ አመጣለሁ አልኩት። ጠዋት ከጉድጓድ ውሃ ቀዳሁላቸው፣ እንጨት አስገባሁላቸውና ሮም የሚሄደውን ባቡር ተሳፈርኩ። የእኛ አባት አንድ አሉ ብለውኝ ነበር። ስደርስ ወደ ግሪክ ተሻግረዋል አሉኝ። ስመለስ..."

ኮፍያቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ሳትጠመቅ ሞተች። የክርስትና ስም የላት፣ ፍትሐት አይደረግላት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትገባ። ሲኞራዋ በረድፉ ራስ ላይ ያለውን ወይራ አሳየችኝ። እኔው ቆፈርኩ።"

እትዬ እታገኝ ይህ ሁሉ ሲነገር የካፖርታቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ሲያቃኑ ቆዩ።

ስደተኛ ናቸው፣ በድብቅ የሚሠሩ ናቸው፤ ልደቷም ሞቷም የትም አልተመዘገበም። ካናዳ ከገቡ በኋላ ጋሽ ዘርይሁን ገና በመጣ ቁጥር ለሲኞራ አዴሌ ይደውላሉ። እሷ "ወይራው አለ" ትላቸዋለች፤ እሳቸው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላሉ፤ ሌላ የሚያወሩት የላቸውም። ባለፈው ገና ስልኩን ያነሣው እንግሊዝኛ የሚችል የልጅ ልጇ ነበር። አሮጊቷ ሞታለች። ወራሾቹ ሚላን ነው የሚኖሩት፤ ማሳውን ሊሸጡት ነው። አንድ የሶላር ኩባንያ ደጋግሞ ጠይቋል። እሱ ከገዛው ወይኑንም ወይራውንም በማሽን ነቅሎ፣ መሬቱን ደልድሎ፣ የፀሐይ ሰሌዳ ይደረድርበታል።

"ስለዚህ እኛ እንገዛዋለን" አሉ ጋሼ። "ያን ጊዜ ምንም አላደረግኩላትም። ቢያንስ የተኛችበትን አላስነካም።"

ሮኮን ጠራሁት። ያን ቀን ሁለቱንም እጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰማ፤ ከዚያ በፊት እጁ ቆሞ አይቼ አላውቅም። ሚላን ደውሎ ካጣራ በኋላ፣ ማሳው ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ከአቅማቸው በላይ አይደለም አለ። ችግሩ ሌላ ነው።

"እዚያ አገር የእርሻ መሬት ሲሸጥ፣ አዋሳኙን የሚያርስ ገበሬ ቅድሚያ አለው" አላቸው። "ዋጋው ይነገረዋል። በወር ውስጥ 'በዚሁ ዋጋ እኔ እወስደዋለሁ' ካለ የእሱ ነው። 'አልፈልግም' ብሎ ከፈረመ ብቻ የእናንተ ይሆናል። አዋሳኙ አንድ ሰው ነው፤ ቪቶ ይባላል።"

ሁሉ ነገር በአንድ በማናውቀው ገበሬ ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ።

"ታሪኩን ብንነግረው ይፈርማል" አሉ ጋሽ ዘርይሁን። "ገበሬም ቢሆን ልጅ ይኖረዋል።"

"ታሪኩን ብቻ እንዳትነግሩት!" ሮኮ እጆቹ ተመለሱለት። "ያልተመዘገበ መቃብር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከሰማ ያስቆፍራል። ያገኙትን አጥንት ቁጥር በተለጠፈበት ሣጥን ከተው መጋዘን ነው የሚያስገቡት።"

"ታዲያ ለምን ፈለጋችሁት ካለን ምን እንበል?"

"ወይን እንወዳለን በሉ።"

"አንወድም።"

"ሚስተር ዘርይሁን፣ ከደንበኞቼ ግማሾቹ አይወዱም። የሚወዱት ፎቶውን ነው።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ልዋሽ ነው የሚለኝ?"

"ዋሽ" አሉ እትዬ እታገኝ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ የሰማሁት ያኔ ነው። "አንድ ጊዜ እንኳን ለእሷ ስትል ዋሽ።"

በማግስቱ ማቲ ደወለልኝ። እናትና አባቱ ምን እንደሚገዙ ሰምቷል፤ ለምን እንደሚገዙ ግን አልሰማም።

"ሔርሚ፣ ቪንያርድ? ሲሪየስሊ? ስካም ነው ይሄ፤ ሮማንስ ስካም ራሱ ከዚህ ይሻላል!"

"ስካም አይደለም ማቲ፣ የእኛ ቢሮ ነው የያዘው።"

"ሶ ቶክ ቱ ዘም! ዳዲ እኮ ባልኮኒ ላይ ያለችውን በሶብላ እንኳን አድርቆ ገድሏታል። ማን ነው የሚያርሰው?"

"አባትህን ጠይቃቸው።"

"ዳዲ አያወራም፤ ሌክቸር ነው የሚያደርገኝ" አለና ሳቀ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አር ዘይ ኦኬ?" ብሎ ጠየቀኝ። እህት እንደነበረችው መንገር የእኔ ፈንታ አልነበረም።

ከቪቶ ጋር ከምንነጋገርበት ቀን በፊት ጋሽ ዘርይሁንን ወይን ወዳድ ላደርጋቸው ሞከርኩ። የወይን ዓይነቶችን ስም አስጠናኋቸው። ዳዊት በቃላቸው የሚወጡ ሰው ሦስት የወይን ስም አልያዝ አላቸው። "ኃጢአት መሆኑን አፌ ያውቃል" አሉኝ።

ቀኑ ደረሰ። በጠዋት ነው፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። አራታችን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮለኮልን። ቪቶ ስልኩን አጣሞ ስለያዘው የሚታየን ግማሽ ፊቱና ሙሉ ማቀዝቀዣው ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቤት ውስጥም ኮፍያ የማያወልቅ ሰው ነው። እሱ በጣሊያንኛ ይናገራል፣ ሮኮ በእንግሊዝኛ ይነግረናል።

"ለምን ፈለጋችሁት?" አለ ቪቶ።

"ወይን እወዳለሁ" አሉ ጋሽ ዘርይሁን፣ ፍርድ ቤት እንደሚምል ሰው ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው።

"ምን ዓይነት?"

"ቀይ።"

"ከቀዩ የትኛውን?"

ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። "ጠቆር ያለውን" አሉ።

ቪቶ እስኪያስለው ሳቀ። "የሶላሮቹ ናችሁ፤ አይደል? ባለፈውም አንድ ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር። እሱ እንኳን አጥንቶ ነው የመጣው።"

ሮኮ መማል ጀመረ፤ እጁ የቡና ስኒዬን ደፋው። ቪቶ ስልኩን ሊዘጋ ጣቱን ወደ እኛ ሲሰድ አየሁ። ያኔ እትዬ እታገኝ ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ሳቡትና በጣሊያንኛ ተናገሩ።

ጣሊያንኛ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሴቶች ጋር ወይን ሲለቅሙ የያዙት ነው። ጋሽ ዘርይሁን ግን ከጥቂት ቃል በቀር ያኔም አልገባቸው፣ አሁንም አይገባቸው። ሮኮ፣ "ስሟን ነግራዋለች፤ ድሮ ከሲኞራ አዴሌ ዘንድ ሠርተን ነበር ብላዋለች፤ ሌላ የለም" ብሎ አንሾካሾከልን።

ቪቶ ስልኩን አቃናው። ፊቱ ሙሉውን ታየ።

"ኤታ?" አለ።

ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ፤ እየተናገረም ኮፍያውን አወለቀ። እትዬ እታገኝ ከሁላችንም ቀድመው ሰሙት። እጃቸው ወደ ላፕቶፑ ሄደ፤ ሊዘጉት ፈልገው የት እንደሚጫኑ አላወቁም።

"ሔርሞን፣ አስቁሚው" አሉኝ በአማርኛ። "ልጄ፣ ይሄን አይተርጉም፤ በማርያም!"

ሮኮ አማርኛ አያውቅም። ሥራው መተርጎም ነውና ተረጎመ።

"'አንቺ የማሪያ እናት ነሽ' ነው የሚላት። የሕፃኗ ክርስትና እናት የእሱ እናት ነበረች። እሱ ያኔ ጀርመን፣ ፋብሪካ ነበር፤ ግን እናቱ እስክትሞት ስታወራለት ኖራለች። ቄሱ ጎጆው ውስጥ ሲያጠምቃት ያቀፈቻት እሷ ናት። በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ቀን ወይራው ሥር አበባ ታስቀምጥ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።"

እኛ በጠበቃ ምክር ከገበሬው የደበቅነውን ምስጢር አገሬው አርባ ዓመት ሲያውቀው ኖሯል። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከጎኔ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት መኪና ያስቆሙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጋሽ ዘርይሁን አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም።

"ማሪያ ማናት?" አሉ።

ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"እታገኝ፣ ማሪያ ማናት?"

"አንተ ባቡር ከተሳፈርክ በኋላ ቄሱን ያስጠራሁት እኔ ነኝ" አሉ እትዬ እታገኝ፣ ዓይናቸውን ከላፕቶፑ ሳይነቅሉ። "እየሄደችብኝ ነበር።"

ቪቶ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ንግግሩን ቀጠለ፤ ደጉ ሰውዬ የሚያጽናናን መስሎት ነበር። ማሳውን ራሱ ሊገዛው ነው። ዋጋው ከተነገረው ቀን ጀምሮ ወስኗል። "እናንተ አርጅታችኋል፤ እኔም አርጅቻለሁ" አለ። "ልጅ ቢኖራችሁም ካናዳ ነው። እናንተ ስትሞቱ ለሶላሮቹ ይሸጠዋል፤ አትቀየሙኝ፣ እሱ ምን ያድርገው? የእኔ ልጅ እዚሁ ትራክተር ላይ ነው። ያቺን ወይራ ዞሮ ማረስ ከልጅነቱ ያውቃል። ለእናቴ ቃል ገብቼላታለሁ።"

እትዬ እታገኝ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ማቲን አስበው ይሆናል። እኔም የበሶብላዋን ነገር አስታወስኩ።

ጋሽ ዘርይሁን ሮኮን አዩት። "መብት አለው?"

"አለው።"

"ከአባት ይበልጣል?"

ሮኮ እጁን ሊያነሣ ጀምሮ መልሶ አስቀመጠው። "ሕጉ ስለ አባት የሚለው ነገር የለም" አለ።

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ቪቶ ለጋሽ ዘርይሁን አንድ ነገር ተናገረ። ሮኮ ሲተረጉመው ድምፁ ቀነሰ፤ "'እኔና ሴት ልጅህ የአንድ እናት ልጆች ነን፤ እኔ በሥጋ፣ እሷ በክርስትና፤ ቤቴ ቤትህ ነው' ይልሃል።" ጋሼ ከረባታቸውን ፈትተው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

በመንገዱ ሐዲድ ላይ እስከሚሄደው ስትሪትካር ፌርማታ ሸኘኋቸው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ትቻቸው ልመለስ አልሆነልኝም፤ አብሬ ለመቆምም አፈርኩ። አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ጆሮ ግን ፊቱን አያዞርም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርህ በር ላይ ጠበቅኩህ። ከሮም ስትመለስ ምን እንዳልክ አስታውስ።"

እትዬ እታገኝ ራሳቸው መለሱት።

"አቅፈሃት 'ቢያንስ ማንም አልነካብኝም፤ በሃይማኖቷ ንጹሕ ሆና ሄደች' አልክ። ሌላ የያዝከው ነገር አልነበረም ዘርይሁን። እሱንም ልንጠቅህ?"

ስትሪትካሩ ከሩቅ ደወሉን አሰማ።

"አርባ ዓመት ዝም ስትዪኝ..." አሉ ጋሼ፣ "የፈረድሽብኝ መስሎኝ ነበር።"

"ፈርጄብህም ነበር" አሉ እትዬ እታገኝ። "አዝኜልህም ነበር።"

ስትሪትካሩ መጣ። ውስጡ ባዶ ወንበር ሞልቷል። እትዬ እታገኝ መስኮት ዳር ተቀመጡ፤ ጋሽ ዘርይሁን እስከ ክሬሰንት ታውን ሊቆሙ የቆረጡ ይመስል ብረቱን ይዘው ቆሙ። እንደዚያ ሆነው ሄዱ።

ቪቶ ማሳውን ገዛ። ሮኮ ፋይሉ ሽፋን ላይ "ጎረቤት በቅድሚያ መብቱ ተጠቅሟል" ብሎ ጽፎ ዘጋው፤ ክፍያ አልጠየቃቸውም። አዳራሹ ውስጥ ባልቻ፣ "የጋሼ ወይን ከሸፈ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ቮድካ ሊገዙ ነው!" አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም፤ ባልቻ ምነው አመመሽ አለኝ።

በበጋው አንድ እሑድ፣ በኪዳን መሀል የአንዱ ስልክ ጮኸ፤ ያውም በዘፈን። ባለ ስልኩን ማንም አላየውም፤ ሁላችንም ያየነው የጋሽ ዘርይሁንን ፊት ነው። እሳቸው ግን መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። የሰሙ አይመስሉም።

ቄሱን ሊጠይቁ ሁለት ጊዜ ተጠግተው ሁለት ጊዜ እንደተመለሱ እትዬ እታገኝ ነገሩኝ። ምን ብለው ይጠይቁ? ተጠምቃለች ካሉ፣ በር ላይ የመለሱት የካቶሊክ ቄስ ልክ ነበረ። አልተጠመቀችም ካሉ ደግሞ፣ ያቺ ጎረቤት አቅፋ ስም ያወጣችላትን ልጅ እንደገና ስም ሊያሳጧት ነው። ፍትሐት ለማስደረግ የክርስትና ስም ይጠየቃል። "ማሪያ የሚለውን አፉ እምቢ አለው" አሉኝ። "ጽዮን እንዳይል ደግሞ በዚያ ስም አልተጠራችም።"

ኅዳር ላይ ቪቶ ለሮኮ ፎቶ ላከ፤ ሮኮ ለእኔ አስተላለፈልኝ። ከሥራ መልስ ክሬሰንት ታውን ሄድኩ። እትዬ እታገኝ በሩን ከፈቱልኝ፤ ጋሽ ዘርይሁን መስኮቱ ዳር፣ ባዶዋ የበሶብላ ማሰሮ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ስልኬን ለእትዬ እታገኝ ሰጠኋቸው።

ወይኑ ቅጠሉ ረግፏል። ወይራው ግን አለ፤ ከሥሩ ቲማቲም የነበረበት ጣሳ ውስጥ ነጭ አበባ ቆሟል። የትራክተሩ ፈር ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ወይራው ጋ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ያልፋትና መልሶ ይቃናል። እትዬ እታገኝ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው አሰፉት፤ አፈሩን ነው ያሰፉት። የአልጋ ልብስ እንደሚያቃኑት መስታወቱን በመዳፋቸው አበሱት።

"አታየውም?" አሉ።

ጋሽ ዘርይሁን አልተነሡም። ታች፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ይጯጯሃሉ። እነሱን ሲያዩ ቆዩ።

"ውሃው ከየት ነበር?" አሉ።

"የቱ ውሃ?"

"ያጠመቃት።"

እትዬ እታገኝ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ከባልዲው ነዋ። ጠዋት አንተ ቀድተህልን ከሄድከው።"

ጋሼ ወደ እኛ ዞሩ። ፎቶውን አላዩም፤ ሚስታቸውን ነው ያዩት።

"የዚያ ጉድጓድ ውሃ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል" አሉ። "አሙቃችሁት ነበር?"

"ለብ አድርገነው ነበር" አሉ እትዬ እታገኝ።